ጥናት ነው ወይስ ጥራዝ?

በቅርቡ በተገኘሁበት አንድ የውይይት መድረክ ላይ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር «የዛሬ ተማሪ ጥናት ለማካሄድ ችሎታውም ፍላጎቱም የለውም፤ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚባለው ነገር ቢቀር ይሻላል፤ የመውጫ ፈተናው ይበቃዋል» ሲሉ ሰማሁ። አዳራሹ አጨበጨበላቸው። እኔ አላጨበጨብኩም። ያላጨበጨብኩት የተማሪ ጠበቃ ለመሆን ቃጥቶኝ አይደለም። ሰውየው የእውነቱን ግማሽ ተናግረው ሌላውን ግማሽ፣ ያውም የራሳቸው ድርሻ ያለበትን ግማሽ፣ ኪሳቸው ከትተው ከመድረክ ስለ ወረዱ ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያንን ግማሽ ከኪሳቸው ለማውጣት ነው።

የምኖረው ኮልፌ ቀራንዮ ነው። ሠፈራችን ለተማሪ ጥናት የታደለ ነው ልበል ወይስ የተፈረደበት፣ እሱን አንባቢ ይበይነው። ስለ ደረቅ ቆሻሻ የሚያጠና ረጲ ይመጣል። ስለ ሥጋ ደዌና ስለ ልመና የሚያጠና ዘነበወርቅ ይወርዳል። ስለ አነስተኛ ንግድ የሚያጠና አጠና ተራን ይዞራል። ስለ ወረዳ አገልግሎት አሰጣጥ የሚያጠናው ደግሞ ብዙም አይደክም፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራውን የሚጠብቀውን ባለጉዳይ ይዞ ይጀምራል። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ያለው ጊዜ በእኛ ሠፈር የመጠይቅ ወቅት ነው። እኔ ከሁለተኛ ደረጃ መምህርነት በጡረታ የተገለልኩ ሰው ስለ ሆንኩ የቀድሞ ተማሪዎቼም፣ የተማሪዎቼ ልጆችም «ጋሼ፣ አንዴ ይሙሉልኝ» እያሉ ደጄን ይረግጣሉ። እስካሁን ስንት እንደ ሞላሁ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። ከሞላኋቸው ውስጥ ግን የአንዱንም ውጤት አላየሁም። አንድም ልጅ ተመልሶ «ያን ጊዜ የጠየቅሁዎት ነገር እንዲህ ሆኖ ተገኘ» አላለኝም።

አምና አንዲት ልጅ ጎረቤቴ ዘንድ ስትጠይቅ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ጎረቤቴ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ማንበብ የማይችሉ፣ አንደበታቸው ግን የተሳለ ሴት ናቸው። ልጅቱ ታነብላቸዋለች፦ «በወረዳው የሚሰጠው አገልግሎት ፍላጎትን መሠረት ያደረገና ግልጽነት የተላበሰ ነው። በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አስተያየት የለኝም፣ አልስማማም፣ በጣም አልስማማም።» እሳቸው ጥቂት አሰብ አደረጉና «ልጄ፣ የትኛው ነው የሚያስመርቅሽ? እሱ ላይ አድርጊልኝ» አሏት። ሳቅን። ልጅቱም ሳቀችና «እስማማለሁ» ላይ ምልክት አደረገች። ቡናው ሲቀርብ ግን እኒሁ ሴት ውሃ በፈረቃ መሆኑ እንዴት እንዳደረጋቸው፣ ውሃው የሚመጣው ሌሊት ስለ ሆነ ማን ነቅቶ እንደሚቀዳላቸው፣ ለጀሪካን ተሸካሚ የሚከፍሉት ከመብራት ሒሳባቸው እንደሚበልጥ፣ ለዚህ አቤት ለማለት ወረዳ ሄደው ስንት ቀን እንደ ተመላለሱ ዘርዝረው ተናገሩ። ልጅቱ እስክሪብቶዋን ከድና ቦርሳዋ ከታዋለች። ለምን አትጽፊም ብላት «ጋሼ፣ እሱ እኮ ከመጠይቁ ውጭ ነው» አለችኝ።

ይህች ልጅ ሰነፍ አይደለችም። በፀሐይ ስትዞር የዋለች ልጅ ናት። ጨዋም፣ ታዛዥም ናት። ችግሩ ያለው እዚያው መታዘዟ ላይ ነው። ትምህርት ቤቷ ያስተማራት ጥናት ማለት አምስት ምዕራፍ መሆኑን ነው። ምዕራፍ አንድ መግቢያ፣ ምዕራፍ ሁለት ሌሎች የጻፉት፣ ምዕራፍ ሦስት ዘዴ፣ ምዕራፍ አራት ሠንጠረዥ፣ ምዕራፍ አምስት «የሚመለከታቸው አካላት ትኩረት ሊሰጡት ይገባል»። አምስቱ ሣጥኖች አስቀድመው ተሠርተዋል፤ የእሷ ሥራ መሙላት ብቻ ነው። የእኒያ ሴት ሌሊት ከአምስቱ በየትኛውም አይገባም።

ስለ ሠንጠረዥ ካነሳን ስለ ቁጥር አንድ ነገር ልበል። በእኛ አገር የተማሪ ጥናት ላይ እንደ ጸሎተ ሃይማኖት የሚደገም አንድ ቀመር አለ። ታሮ ያማኔ የተባለ የስታቲስቲክስ ሰው በ1960ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የጻፈው ነው። የሕዝቡን ብዛት ትወስዳለህ፤ ያንኑ ብዛት በ0.0025 አባዝተህ 1 ትደምርበታለህ፤ ባገኘኸው ታካፍላለህ። የምትጠይቀው ሰው ብዛት ወጣልህ። ሁለት ሺህ ሕዝብ ካለ 333 ይላል። ሃያ ሺህ ካለ 392። መቶ ሺህ ካለ 398። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የኮልፌ ቀራንዮ ሕዝብ ከ4 መቶ ሺህ በላይ ነበርና እሱን ስታስገባ 400 ይሰጥሃል። መላውን አዲስ አበባ ብታስገባም ከ400 ፈቀቅ አይልም። ቀመሩ ስሕተት አለበት ማለቴ አይደለም፤ ለተሠራለት ሥራ ትክክል ነው። የተሠራው ግን እያንዳንዱ ነዋሪ እኩል ዕድል ኖሮት በዕጣ ለሚወጣበት ጥናት ነው። የእኛ ልጆች ቀመሩን በምዕራፍ ሦስት ያስቀምጡና ሰው የሚመርጡት ከወረዳው አግዳሚ ወንበር ነው። በዚያ ላይ መነሻ የሚያደርጉት ቁጥር የ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ አራተኛው ቆጠራ ደጋግሞ ተራዘመ እንጂ አልተካሄደም። በዚህ መካከል ስንት ሠፈር ተነሳ፣ ስንት ኮንዶሚኒየም ተተከለ! ሁሉም ይህን ያውቃል። አማካሪውም፣ ፈታኙም ያውቃሉ። ግን ቀመሩ ገጹ ላይ ስላለ ሁሉም ያልፈዋል። አንገት ላይ እንደሚታሰር ክታብ መሆኑ ነው፤ ፈትቶ ያነበበው የለም።

ለመሆኑ ይህ ከሆነ፣ ሱቅ ሄዶ በገዛው ምን ይፈረዳል? በየኮሌጁ አካባቢ ባሉ የፎቶ ኮፒ ቤቶች በር ላይ «ፕሮፖዛልና ሪሰርች እንሠራለን» የሚል ማስታወቂያ ሲለጠፍ ያላየ የከተማ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ዋጋው እንደ ዲግሪው ደረጃ ከፍና ዝቅ ይላል። መጠይቅ ሳይበተን ሠንጠረዥ ይወጣል። ከአራት መቶው ሰው ስንቱ እንደሚስማማ አስቀድሞ የሚወስነው ኮምፒዩተሩ ላይ የተቀመጠው ወጣት ነው። አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት መጣና ይኸው ሱቅ ራሱ እንጀራው እየተነጠቀ ነው። ማሽኑ ምዕራፍ አንድን በደቂቃ ይጽፈዋል። ሰዎች ይህን ሲሰሙ ይደነግጣሉ። በበኩሌ የሚያስደነግጥ ነገር አላየሁበትም። ምዕራፍ አንድ ዱሮም ቢሆን ከአንዱ ወደ አንዱ የሚገለበጥ ነበርና ማሽን ቢጽፈው ምን ይገርማል? ማሽኑ ሊያደርገው የማይችለው አንድ ነገር ነው፦ ጎረቤቴ ቤት ተቀምጦ ቡና አይጠጣም። እኛ ደግሞ ተማሪውን ያስተማርነው ቡናው ሲመጣ እስክሪብቶ እንዲከድን ነው።

እንግዲህ መምህሩ ኪሳቸው የከተቱት ግማሽ ይህ ነው። ተማሪው አላቀደም ይላሉ። ማን አቀደለት? አካሄዱን ላሳያችሁ። በኅዳር ወይም በታኅሣሥ «ርዕስ አስገቡ» የሚል ማስታወቂያ ይወጣል። ልጁ ከቤተ መጻሕፍት ወይም ከጓደኛው አሮጌ ጥራዝ አምጥቶ የከተማውን ስም ይለውጣል። አማካሪ ይመደብለታል። አማካሪው እሱን የመሰሉ ሌሎች ልጆችም ስለ ተጫኑበት፣ እንዲሁም ደመወዙ ስለማያኖረው ሌላ ቦታ ያስተምራል፤ እነሆ በሁለት ወር አንዴ በኮሪደር ይገናኛሉ። ሚያዝያ ላይ የትብብር ደብዳቤ ይጻፋል። ደብዳቤው ከትምህርት ክፍሉ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከክፍለ ከተማ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ይሄዳል፤ ኃላፊው ስብሰባ ነው፤ «ነገ ተመለስ»። ግንቦት እኩሌታ ላይ ልጁ አራት መቶ ሰው የሚጠይቅበት የቀረው ጊዜ አሥር ቀን ነው። የታክሲውንም፣ የፎቶ ኮፒውንም የሚከፍለው ከኪሱ ነው። ሰኔ ላይ ያስረክባል። አንባቢ ሆይ፣ በዚህ አካሄድ ከሱቅ የማይገዛ ልጅ ካለ ጽናቱ ነው የሚያስገርመኝ።

ይህ ግን የአገራችን የተማሪ ጥናት ልማድ አልነበረም። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. በሩን ከከፈተ ጥቂት ዓመታት በኋላ ተማሪዎቹ ኢትኖሎጂካል ሶሳይቲ የሚባል ማኅበር አቋቁመው ነበር። ለዕረፍት ወደየአገራቸው ሲሄዱ የየራሳቸውን አካባቢ ልማድ፣ ጋብቻውን፣ ሐዘኑን፣ ዳኝነቱን ከሽማግሌ አፍ እየጠየቁ ጽፈው ይመጡና በማኅበሩ መጽሔት ይታተም ነበር። ለማዕረግ አልነበረም። ልጁ የሚጠይቃቸውን ሰዎች ያውቃቸዋል፤ ቋንቋቸው ቋንቋው ነው፤ የሳተ እንደ ሆነ በሚቀጥለው ክረምት አባቱ ቤት ሲገባ ይገሥጹታል። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በ1963 (እ.ኤ.አ.) ሲመሠረት ባዶ እጁን አልተነሳም ያልኩ እንደ ሆነ እነዚህን ልጆች አስቤ ነው። ኋላም የታሪክ ትምህርት ክፍል የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች የጻፏቸው የመመረቂያ ጽሑፎች እስከ ዛሬ በታላላቆቹ የታሪክ ጸሐፊዎች ይጠቀሳሉ። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ የዘመናዊ ኢትዮጵያን ታሪክ ሲጽፉ ከተጠቀሙባቸው ምንጮች መካከል የእነዚያ ተማሪዎች ሥራ አለበት። የሃያና የሃያ አንድ ዓመት ልጅ የጻፈው ማለት ነው! ተማሪ ስለ ሆነ ጥናቱ የልጅ ጨዋታ መሆን አለበት ያለው ማን ነው?

ከዚህም ከፍ ያለ ምሳሌ ልጥቀስ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 (እ.ኤ.አ.) ስለ ቢልሃርዚያ ሊያጠኑ ዐድዋ ሲወርዱ ትምህርታቸውን ጨርሰው የተመለሱ ወጣት ነበሩ። የሄዱት በሽታውን የሚያዛምቱትን ቀንድ አውጣዎች ሊመረምሩ ነው። ወንዙ ዳር ግን ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ፤ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣው ሞቶ ተንሳፏል። እንዶድ አገሩ በሙሉ ስንት ዘመን ልብስ ያጠበበት ነገር ነው። አክሊሉ «ይህ ከመጠይቁ ውጭ ነው» ቢሉ ኖሮ ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። አላሉም። ከዚያ ተነስተው እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል አሳዩ፤ በ1989ም (እ.ኤ.አ.) ከባልደረባቸው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል የሚሉትን ሽልማት ተቀበሉ። ዕቅድ ነበራቸው፤ ዕቅዳቸው ግን ዓይናቸውን አልጋረደባቸውም።

ወደ ኮልፌ ልመለስ፤ አሁን የምናገረው ነገር ቀላል አይደለም።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት የረጲው ቆሼ ክምር ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ቆሼ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የከተማውን ጥራጊ የተሸከመ ቦታ ነው። በ2008 ዓ.ም. ቆሻሻው ወደ ሰንዳፋ ተዛውሮ ነበር፤ የዚያ አካባቢ ገበሬዎች ስለ ተቃወሙ በወራት ውስጥ እንደገና ወደ ረጲ ተመለሰ። ከአደጋው በኋላ ነዋሪው ገሚሱ የዚህ መመለስ ነው ያመጣው፣ ገሚሱ ክምሩን ሲደለድሉ የነበሩት ማሽኖች ናቸው ይል ነበር።

በረጲ ላይ የተጻፉ የተማሪ ጥናቶች ጥቂት አይደሉም። ከአደጋው በፊት የተጻፉም አሉ። ከክምሩ ስለሚወርደው ፈሳሽ፣ ስለ አፈሩ፣ ስለ ወንዙ፣ ቆሻሻ እየለቀሙ ስለሚኖሩት ሰዎች ጤና ተጽፏል። ከመካከላቸው በትጋት የተሠሩ እንዳሉ አልጠራጠርም። የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ሰዎቹ በየቀኑ ያን ክምር በእግራቸው ይረግጡታል፤ ከሥሩ በጭቃና በላስቲክ ቤት ይተኛሉ። ከጥናቶቹ ውስጥ ስንቱ ነው «ይናድብናል ብላችሁ ትፈራላችሁ ወይ?» ብሎ የጠየቀ? ከጠየቀስ መልሱን ለማን ሰጠ? ጥናት ቢኖር ሰው አይሞትም ነበር የሚል ድፍረት የለኝም። ሆኖም አንድ ሠፈር ይህን ያህል ተጠንቶ፣ ከተጠኑት ሰዎች ቤት አንዲት ገጽ እንኳ አለመግባቷ ጥናቱ ለማን እንደ ነበር ይነግረናል። ከአደጋው በኋላማ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ነው፤ መጠይቁ ጎረፈ። ልጇን የቀበረች እናት ሐዘኗን ከ1 እስከ 5 እንድትመዝን ተጠየቀች።

ገጿ ለምን አልገባችም? አንዱ ምክንያት ቋንቋው ነው። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ልጁ ደጅ ላይ ቆሞ እንደ ምንም ወደ አማርኛ ይመልሰዋል፤ ሰውየው በአማርኛ፣ አንዳንዴም በጉራጊኛ ወይም በኦሮምኛ አስቦ በአማርኛ ይመልሳል፤ መልሱ እንደገና እንግሊዝኛ ይሆናል። በዚህ ምልልስ ላይ ስንቱ ነገር ይፈስሳል! የጎረቤቴ «ልጄ፣ የትኛው ነው የሚያስመርቅሽ?» በእንግሊዝኛው ጥራዝ ላይ «እርካታ ያላቸው ተጠያቂዎች» ከሚለው መቶኛ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። እኔ ራሴ ስለ ወረዳችን የተጻፈ አንድ ጥናት ለማንበብ ወደ አንድ ኮሌጅ ሄጄ ነበር። ስለ እኔ ሠፈር ነው፣ ምናልባትም እኔ የሞላሁት መጠይቅ አለበት ብል «ለውጭ ሰው አይፈቀድም» ተባልኩ። የውጭ ሰው! አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ጥራዞቻቸውን በኮምፒዩተር ለሁሉም ክፍት ማድረጋቸው መልካም ነው። ግን እኒያ ሴት በእንግሊዝኛ ከተጻፈ መቶ ገጽ ምን ያገኛሉ?

ሁሉም ነገር የጨለመ እንዳይመስል እዚያው በእኛው ክፍለ ከተማ ያለውን ልናገር። ዘነበወርቅ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ለዘመናት ተገልለው የኖሩበት አካባቢ ነው። በ1950ዎቹ ማብቂያ የተመሠረተው አለርት፣ ከዚያም በ1962 ዓ.ም. ገደማ በአጠገቡ የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም እዚህ ናቸው። ሐንሰን የሥጋ ደዌን ተህዋስ በ1873 (እ.ኤ.አ.) ያገኘ የኖርዌይ ሐኪም ነው። በዚያ ቤተ ሙከራ ብዙ የአገራችን ተማሪዎች የማስተርስና የዶክትሬት ሥራቸውን ሠርተዋል። እዚያ ሰውን የሚመለከት ጥናት ሲታሰብ መጀመሪያ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያየዋል። ለምን እንደሚጠና፣ ሰውየው በሚገባው ቋንቋ እንደሚነገረው፣ እምቢ የማለት መብት እንዳለው ይጠየቃል። ከዚያ ግቢ አጥር ውጭ፣ ከጤናው ትምህርት ወጣ ያለው ተማሪ፣ እንደማየው ከሆነ ከአንድ የትብብር ደብዳቤ በቀር የሚጠይቀው የለም። አንድ ዓይነት ሰው፣ አንድ ሠፈር ነው፤ ደሙ ሲወሰድ ፈቃዱ ይጠየቃል፣ ኑሮው ሲወሰድ አይጠየቅም።

«ታዲያ ምን ይደረግ?» ለሚል፣ በደፈናው ሳይሆን በአንድ ነገር ላሳይ። ኮልፌ አጠና ተራን ውሰዱ። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን አገራችን ከገባ ወዲህ ይህ ከተማ የተሠራው በአጠና ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የጭቃ ቤቱ ግድግዳ አጠና ነው፣ የፎቁም መወጣጫ አጠና ነበር። ይህ አጠና ከየት ይመጣል? ማን ይቆርጠዋል፣ ማን ይልጠዋል፣ ማን ይጭነዋል? አንዱ እንጨት ከገበሬው ማሳ ተነስቶ ኮልፌ እስኪደርስ ዋጋው በስንት እጅ ያልፋል? ብረትና ብሎኬት ሲበዛ ሻጩ ወደ ምን ዞረ? እነሆ ጥያቄ። በአንድ ዓመትና በታክሲ ዋጋ የሚመለስ ጥያቄ ነው።

አምስት ልጆች ይመደቡበት፤ አንድ ልጅ ለብቻው አይችለውም፣ አምስት ሆነው ግን ይችሉታል። በጥቅምት ሁለት ቅዳሜ ያለ ወረቀት ይሂዱ፤ ዝም ብለው ይቀመጡ፣ ሻይ ይጠጡ፣ የሠፈሩን ቃል ይልመዱ። አውራጁ ለሸክሙ፣ ሻጩ ለእንጨቱ ውፍረት የሚጠሩትን ስም ሳያውቁ ጥያቄ መጻፍ አይቻልም። በኅዳር ጥያቄያቸውን ያጥብቡ፤ በአምስት ሰው ላይ ይሞክሩት፤ ያልገባውን ይጣሉ። ደብዳቤው በታኅሣሥ ይለቅ፤ «ነገ ተመለስ» ለማለት ጊዜ ይኑር። ዋናው ሥራ በጥርና በየካቲት ይሁን፤ በጋ ነው፣ መንገዱ ደርቋል፣ ግንባታው ይጧጧፋል፣ ሰውም ሥራው ላይ ይገኛል። አንዱ ከሻጮች፣ አንዱ ከጫኝና አውራጆች፣ አንዱ ከሹፌሮች፣ አንዱ ከግንበኞች ዘንድ ይዋል፤ አምስተኛው የወረዳውንና የግብር ቢሮውን መዝገብ ያገላብጥ። ደብተር ይኑራቸው፤ ማታ ማታ፣ ሳይተኙ፣ የሰሙትን በተናጋሪው ቃል ይጻፉ፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ምን ሲሠራ እንዳገኙት ይጻፉ፤ ስሙን ካልፈቀደ አይጻፉ። በሳምንት አንዴ አምስቱ ተገናኝተው ደብተራቸውን ያስተያዩ፤ ሻጩ ያለውና ሹፌሩ ያለው የማይገጥምበት ቦታ፣ እዚያ ጋ ነው የሚቀጥለው ጥያቄ። አማካሪያቸው ቢያንስ አንድ ቀን አብሯቸው አጠና ተራ ይዋል። ጫማው አቧራ ቢነካው አይሞትም። በመጋቢትና በሚያዝያ ይጻፉ። በግንቦት ደግሞ ሁለት ገጽ አማርኛ ይዘው ይመለሱና ለነጋዴዎቹ ያንብቡላቸው። «እዚህ ላይ ተሳስታችኋል» ይሏቸዋል። የሚሻለው ፈታኝ እሱ ነው።

ርዕስ ጠፋ የሚለኝ ተማሪ ካለ ሌላም ልጨምር። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ክረምት የውትድርና ሥልጠና የወሰዱት እዚሁ ኮልፌ ነው። ያን ዘመን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች በየዓመቱ እየቀነሱ ነው። የእነሱን ቃል ለመመዝገብ የያማኔ ቀመር አያስፈልግም፤ መቅረጫ ያለው ስልክና ትዕግሥት ይበቃል።

መልሱን አውቀዋለሁ። «ተማሪው ብዙ ነው፣ መምህሩ ጥቂት ነው፣ ገንዘብ የለም» ይባላል። ስለ ብዛቱ፣ አምስት ልጆች በአንድ ጥራዝ ከሠሩ አማካሪው የሚያነበው በአምስት እጅ ያንሳል። ሂሳቡ ከያማኔ ይቀላል። ስለ ገንዘቡ፣ ለምርቃት ቀን መጽሔት፣ ለአበባና ለአዳራሽ ማስጌጫ የሚገኝ ብር ለአምስት ልጆች የታክሲ ዋጋ ሲሆን ለምን እንደሚጠፋ ያስረዱኝ። የመውጫ ፈተናውን በተመለከተ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ መሰጠቱን አልቃወምም፤ የተማረ ሰው ይፈተን። ፈተናው የሚጠይቀው ግን መልሱ አስቀድሞ የታወቀውን ነው። ጎረቤቴ ስለ ሌሊት ውሃ የተናገሩት በየትኛውም የመልስ ቁልፍ ላይ የለም። ሐኪሙም፣ መሐንዲሱም፣ የወረዳው ኃላፊም ነገ የሚገጥማቸው እንዲህ ያለው ነው።

ለትምህርት ክፍሎች የማቀርበው ጥያቄ ትልቅ አይደለም። በመመሪያችሁ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ ተማሪው ጥራዙን ከማቅረቡ በፊት ያገኘውን በሁለት ገጽ፣ ተጠያቂዎቹ በሚናገሩት ቋንቋ ጽፎ ለተጠያቂዎቹ መስጠቱን፣ አንድ ቅጂም በወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፉን ያሳይ። በእኛ ወረዳ ሰሌዳው ላይ ቦታ አለ። ዛሬ ጠዋት ሳልፍ አይቼዋለሁ፤ የተለጠፈው ጊዜው ያለፈበት የግብር ማስታወቂያና ከሥሩ «ፕሮፖዛልና ሪሰርች እንሠራለን» የሚል ስልክ ቁጥር ነው።